ኤሌክትሪክ ሚኒ ባይክ ለሰሜን ሸዋ ዳገትና ቁልቁለት፦ አሠራሩና አነዳዱ

ሚኒ ባይክ ሠርቼ ልንዳ ብሎ የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በስንት ይበራል?" ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ አንኮበር፣ መሀል ሜዳ፣ ብቻ እዚህ እኛ ጋ ሰሜን ሸዋ ላላችሁ ግን ይሄ ጥያቄ ሦስተኛ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዳገቱን በምን ጉልበት ይወጣል፣ ቀጥሎ ቁልቁለቱ ላይ በምን ይቆማል፣ ከዛ በኋላ ስለ ፍጥነት እናወራለን። ኢንተርኔት ላይ የምታዩዋቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው የተሠሩ ናቸው፣ ያንን እንዳለ ቀድታችሁ ጣርማበር ብትወስዱት ሲወጣ ሞተሩን ታቃጥላላችሁ ሲወርድ ደሞ ራሳችሁን ትጎዳላችሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ሚኒ ባይክ ማለት ጎማው ትንሽ፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ከሳይክል የከበደ ከሞተር ሳይክል ያነሰ ነገር ነው። አሜሪካኖቹ ድሮ በሣር ማጨጃ ሞተር ነበር የሚሠሩት። እኛ የነዳጁን ትተን ባትሪና ኤሌክትሪክ ሞተር ነው የምንገጥምለት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ እያለ ነው፣ እኔ ግን የሚያሳምነኝ ሌላ ምክንያት ነው፣ እሱም ከፍታው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የነዳጅ ሞተር አየር ስቦ ነው የሚሠራው፣ እዚህ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ባህር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ባጃጅ ከሸዋ ሮቢት ወጥታ ደጋ ስትደርስ የምትታፈነው ለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ምናምን አይፈልግም፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ የሰጣችሁን ጉልበት ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁም ያንኑ ይሰጣችኋል።

ስንት ዋት ያስፈልጋል

ሒሳቡን እዚሁ እንሥራው፣ ሻጭ የሚላችሁን ከማመን ይሻላል። እናንተ ልብስና ሄልሜት ጨምሮ 75 ኪሎ ናችሁ እንበል፣ ባይኩ 55፣ ድምሩ 130 ኪሎ። 10 ፐርሰንት ዳገት፣ ማለትም 100 ሜትር ስትሄዱ 10 ሜትር ከፍ የሚለውን፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 700 ዋት ገደማ ይበላል። የጎማው ሰበቃ፣ ንፋሱ፣ በካቴናውና በሞተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲጨመርበት ከባትሪው የሚወጣው 1,000 ዋት ይሞላል። ስለዚህ ለኛ አገር መነሻው 48 ቮልት 1,000 ዋት ሞተር ነው። 350 ዋት የሚለው የልጆች ስኩተር ሞተር ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፣ ከተማ ውስጥ ሜዳ ሜዳውን ያስኬዳል፣ ወደ ገደል ዳር ስትሄዱ ግን እየተገፋ ነው የሚወጣው፣ የሚገፋው ደሞ እናንተ ናችሁ።

ሞተር ሁለት ዓይነት ነው የምታገኙት። አንዱ ጎማው ውስጥ የተቀበረው ሃብ ሞተር የሚባለው፣ ሌላው ሻንሲው (የባይኩ የብረት አጽም) ላይ ታስሮ በካቴና የኋላ ጎማውን የሚያዞረው። ሃብ ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ካቴና የለው ቅባት የለው፣ ለመግጠምም ይቀላል። ችግሩ ማርሽ የለውም፣ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ መዞር ሲጀምር የምትሰጡት ኤሌክትሪክ ወደ ጉልበት መቀየሩን እየተወ ሙቀት ይሆናል፣ ሞተሩ ደሞ ጎማው ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ የሚወጣበት የለም፣ ዳገቱ ረዘም ካለ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ይቃጠላል። የካቴናው ግን የጥርሱን ቁጥር በመቀየር ብቻ ለአገራችሁ እንዲስማማ ታደርጉታላችሁ። ለሰሜን ሸዋ የኔ ምርጫ የካቴናው ነው፣ ጭቃ ይበላዋል ብትሉኝ እሺ ይበላዋል፣ ካቴና ግን ይቀየራል።

የጥርሱ ሒሳብ እንዲህ ነው። ሞተሩ ላይ ያለችው ስፕሮኬት፣ ካቴናው የሚጠመድባት ጥርሳም ክብ ብረት ማለት ነው፣ 11 ጥርስ፣ የኋላው 66 ጥርስ ከሆነ 6 ለ 1 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ከዞረ ጎማው 500 ይዞራል፣ የጎማው ዙሪያ 1.2 ሜትር ከሆነ በደቂቃ 600 ሜትር ሄዳችሁ ማለት ነው፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር። የኋላውን 80 ጥርስ ስታደርጉት ፍጥነቱ ወደ 30 ይወርዳል፣ ዳገት የሚወጣበት ጉልበት ግን በ20 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል። 30 ያንሳል የሚል ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፣ 10 ኢንች ጎማ ላይ ተቀምጦ ኮረኮንች መንገድ ላይ በ30 መሄድ ምን እንደሚመስል ሲያየው ሐሳቡን ይቀይራል። የጎማውን ዙሪያ ለማወቅ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ላዩ ላይ ተቀመጡና አንድ ዙር ብቻ ግፉት፣ መሬት ላይ የታተሙትን ሁለት ምልክቶች መሀል በሜትር ለኩ፣ አለቀ። የዙሩ ቁጥር ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ። አንድ ነገር ብቻ፣ ካቴናና ስፕሮኬት የተለያየ መጠን ስላላቸው ሁለቱን ስፕሮኬቶችና ካቴናውን አንድ ላይ ይዛችሁ ገጥማችሁ እዩዋቸው እንጂ በዓይን ገምታችሁ አትግዙ።

ሻንሲው

ዕቃውን የምታገኙበት ያው መርካቶ ነው፣ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ ከተበላሸ የቻይና ስኩተር የወጣ ጎማ ከነቸርኬው፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ብዙ ነገር ይገኛል፣ ሞተርና ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሣጥን) ካልተገኘ ከውጭ በሚያመጣ ሰው ታዝዙታላችሁ። ብረቱንና ብየዳውን ግን እዚሁ ከተማችሁ ሥሩት።

በያጁ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ የበርና የመስኮት ቱቦላሬ ነው፣ እሱ ደጁ ላይ ያለውን ነው የሚሸጥላችሁ፣ አትፍረዱበት። ቱቦላሬው አብዛኛው ስስ ነው፣ ግድግዳው 1 ሚሊ ከምናምን፣ ቆሞ በር ለመያዝ ይበቃዋል፣ እየተንቀጠቀጠ ሰው ለመሸከም ግን መገጣጠሚያው ጋ ይሰነጠቃል። ክብ ቱቦ ጠይቁ፣ ውፍረቱ ከ25 እስከ 32 ሚሊ፣ ግድግዳው 2 ወይም 2.5 ሚሊ የሆነ። መሪው የሚገባበትን ቱቦ ራሳችሁ ለመሥራት አትድከሙ፣ ከአሮጌ ሳይክል ወይ ሞተር ሳይክል ላይ ከነኩሽኔታው ቆርጣችሁ አምጡ፣ ልኩን በእጅ ማምጣት አስቸጋሪ ነው። ቱቦው ወደ ኋላ ዘንበል ማለት አለበት፣ ከመሬት ጋር 65 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ መሪው ትንሽ ነገር በነካው ቁጥር ይወናጨፋል። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት 1 ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ አድርጉት፣ ካሳጠራችሁት ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጡ ፊቱ ይነሳባችኋል። ከታች ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲም ይራቅ፣ የኛ ኮብልስቶን እንኳ ጉብታ አለው ፒስታውማ አይወራም።

የእጅ ጋሪ ጎማ አታድርጉ። መልኩ ይመጥናል፣ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ግን ሲሚንቶ ጭኖ በሰው እርምጃ እንዲሄድ ነው የተሠራው፣ በ30 ሲዞር መሀሉ ይግልና ይላላል። ኩሽኔታ ያለው የስኩተር ወይ የትንሽ ሞተር ጎማ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የብየዳውን ጥራት የምትፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ። በያጁ ቅርፊቱን መትቶ ካራገፈ በኋላ በሽቦ ብሩሽ አጥሩት፣ ብየዳው ላይ ናፍጣ ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት ተዉት፣ ከዛ በጨርቅ ጥርግ አድርጉና ነጭ ጠመኔ ፈጭታችሁ አሻሹበት። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ናፍጣ ቀስ ብሎ ወደ ጠመኔው ይወጣል፣ ነጩ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ታያላችሁ። ያቺ መስመር ካለች ናፍጣውን አጥባችሁ በግራይንደር እስከ ታች አስቆፍሩና እንደገና አስበይዱ፣ ላዩን ደርቦ መበየድ ስንጥቁን መሸፈን ብቻ ነው። በተለይ መሪው ያለበት አንገትና የኋላ አክሱል የሚቀመጥበትን ሳትፈትኑ ቀለም አትቀቡ። አንዳንድ በያጅ "እኔ የበየድኩት ይሰነጠቃል እንዴ?" ብሎ ይቆጣል፣ "ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ለራሴ እንዲቆርጥልኝ ነው" ማለት ነው።

ሞተሩ የሚታሰርበትን ላሜራ ወፈር ያለ 5 ሚሊ አድርጉትና የቡሎኖቹን ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት፣ ካቴናው ሲላላ ሞተሩን ወደ ፊት ስባችሁ የምታጠብቁት በዛ ነው። ካቴናው መሀሉ ላይ በጣት ስትጫኑት 1 ሳንቲም ወይ ትንሽ በለጥ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ነው። ሁለቱ ስፕሮኬቶች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በቀጥ ያለ እንጨት ወይም በክር እዩ፣ ካልተስተካከሉ ካቴናው መጮህ ይጀምራል ቀጥሎ ይወጣል። ዳዶው ሁሉ የማይላላውን ዓይነት ይሁን፣ ካልተገኘ ሮንዴላ አድርጋችሁ ድርብ ዳዶ እሰሩበት።

ሃብ ሞተር እገዛለሁ ካላችሁ ደሞ አክሱሉን የሚይዝ ተጨማሪ ብረት ግድ ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክሱሉን ወደ ኋላ ነው የሚያዞረው፣ በዳዶ ብቻ ከታሰረ አንድ ቀን ቦታውን እየበላ ይዞርና ከውስጥ የሚወጣውን ሽቦ ጠምዝዞ ይበጥሰዋል።

ፍሬን

ከሞተሩ በፊት የምትገዙት ዕቃ ፍሬን ይሁን። ብራችሁ ካነሰ ባትሪውን ቀንሱ፣ ፍሬኑ ላይ አትቀንሱ።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ልንገራችሁ። 130 ኪሎ ይዛችሁ 500 ሜትር ቁልቁል ከወረዳችሁ፣ ከጣርማበር አናት ወደ ደብረ ሲና በሉት፣ ፍሬናችሁ የሚውጠው ሙቀት ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይችላል። ያ ሁሉ እሳት ያለው አንዲት ትንሽ ዲስክ ላይ ወይም ድስቱ (ጎማው መሀል ያለው ክብ ብረት) ውስጥ የተዘጋ ሸራ (ፍሬን ሲያዝ የሚሰበቀው) ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፣ እጀታውን ብትጨምቁትም ይንሸራተታል። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም ለየብቻ የሚሠሩ ሁለት ፍሬኖች፣ ፊቱ የግድ ዲስክ፣ ቢያንስ 160 ሚሊ የሆነ። ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚመጣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው፣ "የፊቱን ከያዝክ ትገለበጣለህ" የሚለው የሰፈር ምክር በድንገት ለጨመቀ ሰው እንጂ ቀስ አድርጎ ለያዘ አይሠራም። እግር መሬት ላይ እየጎተቱ ማቆም ፍሬን አይባልም፣ ጫማም እግርም ይፈጃል።

አንዳንድ ሃብ ሞተር ከኮንትሮለሩ ጋር ተባብሮ ሲወርድ ወደ ባትሪው መልሶ ይሞላል፣ እየሞላም ይይዛል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለኛ ግን ወጥመድ አለው። ደብረ ብርሃን ወይ ጣርማበር አናት ላይ ነው የምትኖሩት፣ ሌሊቱን ቻርጅ አድርጋችሁ ባትሪው ጢም ብሏል፣ ጠዋት ወጥታችሁ ወዲያው ቁልቁለት ትጀምራላችሁ። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ መቀበል አይችልም፣ ባትሪውን የሚጠብቀው ሰርኪት ይዘጋዋል፣ በዛች ሰከንድ ይይዝ የነበረው ሞተር ይለቅና ባይኩ ይፈተለካል። አናት ላይ የምትኖሩ ቻርጁን 85 ፐርሰንት አካባቢ ላይ ንቀሉት፣ እንደዛም ሆኖ ሸክሙን የእጅ ፍሬን ላይ ጣሉት እንጂ ሞተሩን አትመኑ። በካቴና የሚሄደውና ኋላው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ጥርስ ያለው ግን ሲወርድ ምንም አይይዝም፣ ወደ ባትሪም አይመልስም፣ ያለቻችሁ ሁለቷ ፍሬን ብቻ ናት።

ባትሪው

ሦስት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው የተለመደው የአሲድ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት አራት ደርድራችሁ 48 ታደርጉታላችሁ፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ክብደቱ ግን 25 ኪሎ ያልፋል፣ ያን ተሸክማችሁ ዳገት ልትወጡ ነው፣ ከግማሽ በታች ደጋግማችሁ ካወረዳችሁት ደሞ ዕድሜው ያጥራል። ሁለተኛው የላፕቶፕ ዓይነት ትንንሽ ሊቲየም ሴሎች፣ አንዱ 3.6 ቮልት፣ 13 ተደርድሮ 48 ይባላል፣ ሲሞላ 54.6 ቮልት ነው። ቀላል ነው ጉልበተኛ ነው፣ ግን ከተመታ ወይ ከመጠን በላይ ከተሞላ በእሳት ነው የሚመልስላችሁ። ሦስተኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ አንዱ ሴል 3.2 ቮልት፣ 16 ሲደረደር 51.2፣ ሲሞላ 58.4 ቮልት። ከሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል፣ 10 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፣ ነገር ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል ይወርዳል። አቅም ካለ ይሄንን ውሰዱ። ከተጣለ ላፕቶፕ ሴል ለቅሞ ባትሪ መገጣጠም ጎበዝ መስሎ ለመታየት ነው እንጂ ለመነዳት አይመከርም፣ የተሠራና የሚጠብቅ ሰርኪት ውስጡ ያለው ፓክ ግዙ። ቻርጀሩ ደሞ ለዛው ዓይነት የተሠራው ብቻ፣ 54.6 የሚለውን ከ58.4 ጋር ቀላቅላችሁ ከሰካችሁ አደጋ ነው።

ስንት ያስኬዳል ለሚለው፣ 48 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ማለት 960 ዋት ሰዓት ነው፣ 80 ፐርሰንቱን ተጠቀሙ ብንል 770 ገደማ። ሜዳ ላይ ለኪሎ ሜትር 25 ከበላ 30 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ጅሩ ሜዳ ላይ ለምትነዱ ልክ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ለመውጣት ግን ከፍታው ወደ 1,400 ሜትር ስለሆነ ክብደታችሁን ለማንሳት ብቻ 500 ዋት ሰዓት ይሄዳል፣ የሚባክነውንና የመንገዱን ስትጨምሩ ባትሪው መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ መልስ የሚያልም ካለም ሕልሙን ያሳጥር፣ መሄጃው ብቻ 40 ኪሎ ሜትር ነው።

ውርጭን አትርሱ። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ ውስጡ የሚፈጠረው ጉዳት አይድንም። ህዳርና ታህሳስ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር ውጭ ያደረ ባትሪ ላይ ቻርጀር አትሰኩ፣ ፀሐይ ወጥታ ሞቅ እስኪል ጠብቁ ወይም ቤት ውስጥ አሳድሩት። ስትነዱም ብርዱ አቅሙን ስለሚቀንሰው ጠዋት ላይ ከሚለው በታች ነው የሚያስኬዳችሁ። ቻርጅ የምታደርጉት ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ነቅታችሁ እያያችሁት፣ አልጋ ስርም የቤቱ መውጫ በር ላይም አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ስለዚህ ሲጠፋ ንቀሉት፣ ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ሽቦው

ይሄ ሰው የሚፈራው ክፍል ነው፣ ግን ቀለሙን ከተከተላችሁ አይከብድም። ኮንትሮለሩ 48 ቮልት 30 አምፒር ይሁን። ከባትሪው ሲወጣ ፕላሱ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ 40 አምፒር ፊውዝ አድርጉ፣ ዋናው ሽቦ 6 ስኩዌር ሚሊ መዳብ፣ የቤት መብራት ሽቦ አይደለም። ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ ሦስት ወፋፍራም ሽቦዎች አሉ፣ ቢጫ አረንጓዴ ሰማያዊ። አጠገባቸው አምስት ቀጫጭን አሉ፣ ቀይ ጥቁር ቢጫ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ እነሱ ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ የሚናገሩ ናቸው። እጀታው ላይ ያለው ጋዝ ሦስት ሽቦ ነው፣ ቀይና ጥቁር 5 ቮልት ያደርሱለታል፣ ሦስተኛው ስታዞሩት ከ1 ቮልት ትንሽ በታች ተነስቶ ወደ 4 አካባቢ ይወጣል።

ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ አልዞር ካለ ወዲያው ተቃጠለ አትበሉ። ቴስተራችሁን ዲሲ ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ ከቀጫጭኖቹ ጥቁር ሽቦ ጋር፣ ቀዩን ከቀዩ ጋር ንኩ፣ 5 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዛ ቀዩን ጫፍ ወደ ቢጫው አዙሩና ጎማውን በእጃችሁ በጣም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ቁጥሩ ከዜሮ ወደ 5፣ ከ5 ወደ ዜሮ እየዘለለ መመላለስ አለበት። አረንጓዴውም ሰማያዊውም እንደዛው። አንዱ ዜሮ ላይ ወይ 5 ላይ ተገትሮ ከቀረ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው ችግሩ፣ ሦስቱም ከዘለሉ ደሞ ወፍራሞቹ ሽቦዎች ከቀጫጭኖቹ ጋር አልተገጣጠሙም። ብዙ የቻይና ኮንትሮለር ሁለት ነጭ ሽቦ አለው፣ ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ እነሱን አገናኙና ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩ ራሱ እየዞረ ይማራል፣ ወደ ኋላ ከዞረ ለያይታችሁ ድገሙት፣ ሲስተካከል ለዩዋቸውና ጫፋቸውን በናስትሮ ጠቅልሉ።

የፍሬን እጀታው ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ያለው ዓይነት ይሁን፣ ጋዙ ቢነክስ እንኳ ፍሬን ስትይዙ ይቆማል። ከዛ በተጨማሪ በጓንት የሚመታ ትልቅ ማጥፊያ መሪው ላይ አድርጉ። ለመብራትና ለክላክስ 48ቱን ወደ 12 የሚያወርድ ትንሽ መቀየሪያ ትገዛላችሁ። መገጣጠሚያውን ሁሉ በካውያ በይዱት ወይም በደንብ ቆንጥጡት፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል እዚህ አይሠራም፣ 20 ከምናምን አምፒር ሲያልፍበት ይግላል። ሥራ ስትሠሩ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ፣ ቁልፍ በሁለቱ ጫፍ መሀል ከወደቀ ብረቱ ይቀልጣል።

ወደ መንገድ

የመጀመሪያውን ፈተና ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ሁለተኛውን ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ አድርጉ። ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ውረዱና ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና መገጣጠሚያዎቹን በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ እዩ፣ የሚያቃጥል ካለ እዛ ጋ ቁሙ። ቡሎኖቹን በሙሉ ደግማችሁ እሰሩ፣ አዲስ ሥራ ሁሌም ይላላል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጋቢ ለብሶ የሚነዳ ካለ ጫፉ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ አደራ።

የቤት ሥራ ስለሆነ ታርጋም ሊብሬም የለውም፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ላይ ይዛችሁ አትውጡ። ሲኖትራክና አይሱዙ የሚሽቀዳደምበት መንገድ ነው፣ እናንተ ደሞ ከጎማው አትበልጡም፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ ከወረደ ጭራሽ አትታዩም፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥማ አይታሰብም። ግቢ፣ የእርሻ መንገድ፣ ሰው ያልበዛበት ፒስታ ይበቃችኋል።

ሌላው ድምፅ የለውም። ይሄ ጥሩ ነው ብለው የሚያስቡት ብዙ ናቸው፣ ገበያ ቀን ግን መንገዱን የሞላው አህያና በግ ከኋላ መምጣታችሁን አይሰማም፣ ድንገት ሲያያችሁ ይበረግጋል። የጋሪ ፈረስ ደሞ ከበረገገ ጋሪውን ይዞ ነው የሚጠፋው። ከሩቅ ቀንሱ፣ ክላክስ አጠገብ ሄዳችሁ አትንፉ፣ በአፍ ተናገሩ። አንድ ጊዜ አንድ ባለጋሪ አባት አስቁመውኝ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ይኸው ይሄዳል፣ ሞተሩ የታለ?" ብለው ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ቆዩ፣ ባትሪውን አሳየኋቸው፣ "እና አሁን ጠፍቷል ወይስ በርቷል?" አሉኝ። በርቶ ነበር። ቆማችሁ ከሰው ጋር ስታወሩ ቁልፉን አጥፉት፣ ልጆች መጥተው መጀመሪያ የሚነኩት ጋዙን ነው።

ዳገት ላይ ከሥር ጀምሮ በእኩል ፍጥነት ውጡ፣ መሀል ላይ ቆሞ መነሳት ሞተሩን በጣም ያግለዋል። ቁልቁለት ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ቀንሱ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ አንድ ጊዜ ጨምቃችሁ እስከ ታች አትሂዱ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይ እጀታው ጠልቆ መግባት ከጀመረ ቁሙና ይቀዝቅዝ፣ ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል። ኮብልስቶን ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ መረሬ አፈር ደሞ ዝናብ ሲነካው ጎማና መከላከያው መሀል ይጠቀጠቅና ጎማውን ያቆመዋል፣ ስለዚህ መከላከያውን ከጎማው ቢያንስ 3 ጣት አርቁት።

ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ካልነዳችሁት ባትሪውን ሙሉ አድርጋችሁም ባዶ አድርጋችሁም አታስቀምጡት፣ ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ አድርጉና ከኮንትሮለሩ ነቅላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት፣ በየወሩ ቮልቱን ለኩ። የ13 ሴሉ ሊቲየም ከ39 ቮልት በታች፣ የ16ቱ አይረን ፎስፌት ከ40 በታች ወርዶ ካገኛችሁት በጉልበት ቻርጅ አታድርጉት፣ ባትሪ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ካቴናውን ናፍጣ ባለው ጨርቅ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት፣ ጎማዎቹንም ከመሬት አንሱና በድንጋይ ደግፉት።